ገናን ብሉ፣ ጥርን ጠንቀቅ በሉ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነው የማወራችሁ። ገና ሊገባ ጥቂት ቀናት ቀርተዋል። ባሕር ዳር ሽር ጉድ ላይ ነች። በጉ በየአጥሩ ሥር ይጮኻል። የቅርጫ ሰብሳቢው ስልክ አያርፍም። ቤት ውስጥ ደግሞ ስለ ዶሮና ስለ ሽንኩርት ዋጋ ካልሆነ ሌላ ወሬ የለም።

በዚህ ሰሞን ከእናንተ የሚደርሰኝ ጥያቄ ብዙ ጊዜ አንድ ነው። «በዓሉን ሳልወፍር እንዴት ልለፈው?» ትሉኛላችሁ። አንዷ አድማጫችን እንዲያውም በበዓሉ ቀን ዘመድ ቤት ባልሄድ ይሻለኛል ብላ ጻፈችልኝ። ይህ አሳዝኖኛል። ከኅዳር 15 ጀምሮ የጾመ፣ ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን ቆሞ ያነጋ ሰው፣ ማዕድ ሲቀርብለት ሊፈራ አይገባም።

ስለዚህ መልሴን ላስቀድመው። ገናን ብሉ። ዶሮውን ብሉ፣ ዳቦውን ብሉ፣ ከሰው ጋር ተቀመጡ። ጠንቀቅ ማለት ያለብን ተከትሎት ለሚመጣው ወር ነው። ለጥር።

ለምን እንደዚህ እንደምል ላስረዳ። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ወደ 7,700 ኪሎ ካሎሪ ይይዛል። አንድ ኪሎ ስብ ለመጨመር ታዲያ ከሚያስፈልገን በላይ ያንን ያህል መብላት ይኖርብናል። ዶሮውንም፣ ጥብሱንም፣ ጠላውንም ብንደምር፣ በአንድ ቀን እዚያ የሚደርስ ሰው ብዙ የለም። «ታዲያ በማግሥቱ ሚዛን ላይ ስወጣ ሁለት ኪሎ የጨመርኩት ከየት መጣ?» ትሉኝ ይሆናል። አብዛኛው ውኃ ነው። የበዓል ምግብ ጨው ይበዛበታል፤ ጨው ደግሞ ውኃ ይይዛል። ሰውነታችን ከእንጀራና ከዳቦ ያገኘውን ስኳር በጉበትና በጡንቻ ውስጥ ሲያስቀምጥም ለእያንዳንዱ ግራም 3 ግራም ያህል ውኃ አብሮ ያስቀምጣል። ገና ያልተፈጨ ምግብም ሆድ ውስጥ አለ። ወደ ወትሮው አመጋገብ ከተመለስን ይህ ሁሉ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይወርዳል። ከተመለስን ነው እንግዲህ።

ችግሩ አንመለስም። ገና ታኅሣሥ 29 ይውላል፣ አንዳንድ ዓመት 28። ከዚያ የቅርጫው ሥጋ አለ። ጥር 7 ሥላሴ ነው። ጥር 11 ጥምቀት፣ በማግሥቱ ቃና ዘገሊላ። ጥር 18 ጊዮርጊስ፣ ጥር 21 አስተርእዮ ማርያም። በመሃል ሠርግ አለ፤ ሠርጉ ሲያልቅ መልስ፣ ከዚያ ቅልቅል። ማኅበርም አለ። ከተማችን ደግሞ «ጥርን በባሕር ዳር» እያለች እንግዳ ትጠራለች። ጥምቀትን ጎንደር ሊያከብር የሚሄደው ዘመድም በእኛ በኩል ነው የሚያልፈው። እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ባዶ ቤት አይጠብቀውም። እንዲህ እንዲህ እያልን ነነዌ ላይ እንደርሳለን።

አሜሪካ ውስጥ 195 አዋቂዎች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ አንድ ጥናት አለ። ሰዎቹን ከበዓላቸው በፊት፣ በበዓሉ ሰሞንና ከዚያም በኋላ መዘኗቸው። በበዓላቱ ሰሞን በአማካይ የጨመሩት 370 ግራም ገደማ ብቻ ነበር። ግማሽ ኪሎ እንኳ አይሞላም። ግን ያቺ ትንሽ ጭማሪ በቀጣዮቹ ወራት አልወረደችም። እዚያው ቀረች። በዓመቱ ሌላ ትመጣለች፣ በዓመቱ ሌላ። አርባ ዓመት ሲሞላን «ይህ ሁሉ ከየት መጣ?» የምንለው ለዚህ ነው።

እኔ ይህን ነገር የማነሳው ለመልክ ብዬ አይደለም። እናቴ ስኳርም ደም ግፊትም አለባት። ታላቅ እህቷም እንዲሁ። ክብደቴን የምጠብቀው ልጆቼን እስኪያድጉ በጤና ልይዛቸው ስለምፈልግ ነው። ስለ ቀጭን ወገብ የሚያወሩ ብዙ ሰዎች አሉ፤ እሱን ለእነሱ ልተወው።

እሺ፣ ወደ ቅርጫው እንምጣ። እኔ ከሁሉም በላይ የማስበው ስለ እሱ ነው። በሬው ይታረዳል፣ መደቡ ይወጣል፣ ዕጣ ይጣላል፣ እያንዳንዱ ድርሻውን ይዞ ይገባል። ብዙ ሥጋ ነው። ማቀዝቀዣው ትንሽ ነው፣ መብራቱ ደግሞ አያስተማምንም። ስለዚህ ቤቱ በሙሉ «ሳይበላሽ እንብላው» ይላል። ጠዋት ጥብስ፣ ምሳ ቀይ ወጥ፣ ማታ ደግሞ ጥብስ። ማንም ሰው ርቦት አይደለም የሚበላው። ሥጋው ስላለ ነው።

እኛ ቤት አሁን ሥጋው እንደገባ፣ ገና ማንም ሳይቀምሰው ነው የምንከፍለው። አንዱን ክፍል ቅርጫ ላልገባ ጎረቤት እንሰጣለን። ድሮም በዓል እንደዚያ ነበር። አንዱ ክፍል ለአንድ ወጥ በሚበቃ መጠን በትንንሽ ላስቲክ እየታሰረ በረዶ ቤት ይገባል። ዋናው ግን ቋንጣ ነው። የባሕር ዳር ጥር ደረቅ ነው፤ ዝናብ የለም፣ አየሩ ለቋንጣ የተመቸ ነው። ሥጋው በቀጭኑ ተዘልዝሎ፣ ጨውና በርበሬ ተቀብቶ ይሰቀላል። ቋንጣ ሆነ ማለት ደግሞ አያስቸኩልም። ዓርብም ሆነ መብራት ቢጠፋ ይቆያል። እናቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር። እኛ ማቀዝቀዣ ገዛንና እሱን አምነን ተውነው።

ሁለተኛው ከባድ ነገር «በሞቴ» ነው። አክስቴ ቤት ስገባ ገና በሩ ላይ ሳለሁ «ውይ ልጄ፣ ምነው ከሳሽ?» ትላለች። ሳልቀመጥ ትሪው ይቀርባል። «ጠግቤያለሁ» ብል ማን ይሰማኛል? «አፈር ስሆን፣ ይቺን ብቻ!» ትልና ጉርሻው ይመጣል። ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ነው ይባላል፤ የእሷም እንደዚያ ነው። እንዲህ ያለችን ሴት «ዳይት ላይ ነኝ» ማለት ማስቀየም ነው፤ አድርጌውም አላውቅም።

የማደርገው ሌላ ነው። ዋዜማውን እሄድላታለሁ። ሽንኩርት አብሬያት እከትፋለሁ፣ ዶሮውን አብሬያት እበልታለሁ። አክስቴ የምትፈልገው እኔን ነው፤ ምግቡ እኔን የምታቆይበት መንገድ ነው። ከሰዓት በኋላውን በሙሉ አብሬያት ከዋልኩ በበዓሉ ቀን አንድ እንጀራ ብበላም ቅር አይላትም። ትሪው ላይ ስንቀመጥ ደግሞ እኔ ቀድሜ አጎርሳለሁ። መጀመሪያ እሷን፣ ከዚያ ልጆቹን፣ ከዚያ ባሏን። ሰው የሚያጎርስን ሰው ቶሎ አያጎርስም፤ እጁ ሥራ ላይ ነውና። ሞክሩትና ታዩታላችሁ።

ሌላው ደግሞ ብዙ ቤት መዞሩ ነው። እንኳን አደረሳችሁ ለማለት አምስት ቤት ብንሄድ አምስት ጊዜ ይቀርብልናል። የትኛው ቤት ምሳ እንደምትበሉ ጠዋት ከቤት ሳትወጡ ወስኑ። ሌሎቹ ጋ «ቡናችሁን መጥቻለሁ» በሉ። ቡና የሚጠይቅ እንግዳ አያስከፋም፤ ሦስቱንም ስኒ ከጠጣችሁማ እንዲያውም ደስ ይላቸዋል። ስኳሩን ብቻ ቀነስ አድርጉት።

ወደ ድስቱ ልመለስ። የዶሮ ወጥ ዶሮ ቆዳው ተገፎ ነው የሚሠራው። ስለዚህ የወጡ ስብ በአብዛኛው እኛ ከምንጨምረው ቅቤና ዘይት ነው የሚመጣው። አንድ ግራም ስብ 9 ኪሎ ካሎሪ አለው፤ ፕሮቲንና ስታርች ግን 4 ነው ያላቸው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ቅቤ ብቻውን ከ100 ኪሎ ካሎሪ በላይ ነው። ሽንኩርቱን ያለ ዘይት በደንብ አቁላሉት። ጊዜ ይፈልጋል፣ ማማሰል ይፈልጋል፣ ግን ራሱ ውኃውን እያወጣ ይበስላል። ቅቤውን ወደ መጨረሻ፣ ከመከለሻው ጋር አስገቡት። መጀመሪያ የገባ ቅቤ ሽታው እሳት ላይ ይሄዳል። መጨረሻ ሲገባ ግን በግማሹ መጠን ቤቱን ያውደዋል። እኔ እንደዚህ ስሠራ ቅቤው አነሰ ያለኝ ሰው የለም።

ስለ መጠጥ አጭር ነገር ልበል። አልኮል በግራም 7 ኪሎ ካሎሪ አለው። ጉበታችን ደግሞ እሱን ሳይጨርስ ወደ ሌላው በደንብ አይመለስም፤ አብሮ የተበላው ጮማ እስከዚያው ይከማቻል። የዳጉሳ አረቄ ከጥብስ ጋር የሚያደርገን ይህንን ነው። «እኔ አልጠጣም» ብለው ለስላሳ የሚደጋግሙ ደግሞ አሉ። አንዷ የ300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ከ30 ግራም በላይ ስኳር አላት። ለልጆቻችሁም ይህን አስቡላቸው፣ እባካችሁ።

አሁን ዋናው ሐሳቤ ላይ ደርሻለሁ። ጥርን የምንይዝበት ልጓም አለን። ረቡዕና ዓርብ ናቸው። በሳምንት ሁለት ቀን ቅቤና ሥጋ ከማዕዱ ይነሳል፤ ለአርባ ቀናት ስንበላው የከረምነው ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን ይመለሳል። የምንጾመው ለነፍሳችን ነው፤ ይህን አልረሳም። ግን ለሥጋችንም የሚሰጠው ዕረፍት አለ፣ እሱን እንቀበለው። ታዲያ የጾም ቀን በሳንቡሳና በቦምቦሊኖ ከተሞላ፣ ምስሩም በዘይት ከዋኘ ጥቅሙ ይጠፋል።

በእነዚያው ሁለት ቀናት ጠዋት እመዘናለሁ። ይህን ከራሴ አላመጣሁትም። እንግሊዝ አገር በርሚንግሃም ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት በገና ሰሞን ቢያንስ በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚመዘኑና አመጋገብ ላይ አጭር ምክር የተሰጣቸው ሰዎች፣ ይህ ካልተደረገላቸው በግማሽ ኪሎ ገደማ ቀለል ብለው እንደጨረሱ አሳይቷል። ቤት ሚዛን የሌላችሁ አስፋልት ዳር ሚዛን ይዘው የሚቀመጡት ልጆች አሉ። ሁልጊዜ አንዱ ጋ ሂዱ፤ ሚዛን ከሚዛን ይለያያል። ምግብ ሳትቀምሱ ሂዱ። የገና ማግሥት ግን አትመዘኑ። ያኔ የምታዩት ውኃውን ነው፣ ተስፋ ያስቆርጣችኋል።

ዓሣችንንም አንርሳው። በጾም ይበላል፣ አይበላም የሚለው ክርክር ውስጥ አልገባም፤ ሁሉም እንደ አባቶቹ ምክር ያድርግ። እኔን የሚገርመኝ ከገና በኋላ ጣና ዳር የምንኖር ሰዎች ዓሣን መርሳታችን ነው። ትኩስ ቀረሶ በራችን ላይ እያለ ማታ ማታ ጮማ እንጠብሳለን። በዘይት ተጠብሶ የተንጣጣውን አይደለም የምለው። ወጡን፣ ሾርባውን ነው። ለጥር እራት ከዚያ የተሻለ አላውቅም።

መራመዱስ? ጥር ጠዋት ባሕር ዳር ላይ ብርድ ነው፣ ግን የሚጣፍጥ ብርድ ነው። ከጊዮርጊስ ተነስቶ በሐይቁ ዳር በዘንባባው ሥር መሄድ ነው። አቅም ያለው ቤዛዊት ይውጣ። አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመት አለው፤ እየተመላለሱ ቢሄዱበት በቂ ነው። ከተማዋ ሜዳ ናት፣ ብስክሌት ያላችሁ ሰበብ የላችሁም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። እንኳን አደረሳችሁ ልትሉ ስትዞሩ በባጃጅ ፈንታ በእግር ብትሄዱ ከፊሉን እዚያው ታገኙታላችሁ።

አንድ ነገር አደራ። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ቤታችሁ ካለ «ማታ ትበላለህና አሁን አትብላ» አትበሉት። ምግብ ዘልሎ መድኃኒት መውሰድ ስኳሩን በአደገኛ ሁኔታ ሊያወርደው ይችላል። ከበዓሉ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ። ትሪው ላይም ድርሻው ለብቻው ይውጣለት። በጋራ ትሪ ላይ ማን ምን ያህል እንደበላ አይታወቅም። እናቴ ድርሻዋ በራሷ ሳህን መቅረብ ሲጀምር መጀመሪያ ደስ አላላትም። ከማዕዱ የተለየች መሰላት። ያኔ ሳህኗን ትሪው መሃል ላይ አስቀመጥንላት። አሁንም ከሁላችን ጋር ነው የምትበላው፤ ጉርሻም ከእሷ ሳህን ነው የሚወጣው።

የሠርጉን ነገር ዛሬ አልነካሁትም። ቡፌው ብቻውን አንድ ክፍል ይፈልጋል፤ ከጥምቀት በፊት እሠራዋለሁ። በዚህ ወር ቤታችሁ ድግስ ያለባችሁ ምን ልታቀርቡ እንዳሰባችሁ በድምፅ መልእክት ላኩልኝ፤ አብረን እናየዋለን። እንኳን አደረሳችሁ። መልካም ገና።