የድሮ ሰው ደኑን ጠብቆ ነበር? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ባለፈው ዝግጅት «ድሮ ሰውና ተፈጥሮ ተስማምተው ይኖሩ ነበር የሚባለው ልክ አይደለም» ብዬ ነበር። ስልኩ አላርፍ አለ። የተቆጣችሁም አላችሁ። በአየር ሰዓቱ ያልደረስንባቸውን ጥያቄዎች ጨምሬ እዚህ እመልሳለሁ።

ከደሴ የደወሉ አባት፦ «አያቶቻችን ዛፍ ሲቆርጡ እንኳ አስበው ነበር። መሬቱን ያራቆተው የአሁኑ ትውልድ ነው። ሙታንን ለምን ትወቅሳለህ?»

አባቴ፣ ሙታንን አልወቅስም። ግን ምስክሩ ያለው እርስዎ ሰፈር አጠገብ ነው። ሐይቅ እስጢፋኖስ ያለበትን ሐይቅና ጎረቤቱን አርዲቦን ያውቋቸዋል። ከሥራቸው ያለው ጭቃ በየዘመኑ እየተደራረበ የተኛ ነው። ነፋስ ከዙሪያው ዛፍና ሣር የአበባ ብናኝ ያመጣል፤ ብናኙ ውሃው ላይ ያርፋል፣ ይሰምጣል፣ ጭቃው ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል። ተመራማሪዎች ረጅም ቱቦ ወደ ታች ሰክተው ጭቃውን እንዳለ ያወጡታል። ላይ ያለው የቅርብ ጊዜ ነው፤ ከታች ያለው የ3,000 ዓመት። ከዚያ በማይክሮስኮፕ ብናኙን አንድ በአንድ ይለያሉ። ይሄ የዝግባ ነው፣ ይሄ የጥድ ነው፣ ይሄ የሣር ነው እያሉ ይቆጥራሉ።

ምን ተገኘ? ከታች ዝግባና ጥድ። ከዛሬ 2,500 ዓመት ገደማ ጀምሮ ግን ደኑ ይሳሳል፤ በቦታው ክትክታና ሣር ይገባል። ክትክታ ደን በተመነጠረበት ቦታ ቶሎ የሚበቅል ቁጥቋጦ መሆኑን የገጠር ሰው ሁሉ ያውቃል። ይህ ሁኔታ ወደ 1,800 ዓመት ቆየ። ከ1400 እስከ 1700 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ጥድና ወይራ ተመለሱ፤ ምናልባት ዝናቡ ስለጨመረ ነው። ከ1700 ወዲህ ደግሞ ደኑ እንደገና ተመነጠረ፣ አፈሩም በባሰ ሁኔታ ይታጠብ ጀመር።

ያኔ ዶዘር አልነበረም። መጥረቢያ፣ እሳትና በሬ ነበሩ። በቂ ነበሩ።

ሰዉ ክፉ ሆኖ አይደለም። ልጆቹን ማብላት ነበረበት። ታዲያ ጉዳቱ ለምን ዘገየ? ለኔ መልሱ አንድ ነው፤ ሰዉ ጥቂት ስለነበር። ጥቂት የሆነው ደግሞ በምርጫው አይደለም። በዚያ ዘመን በዓለም ዙሪያ ከሚወለዱ ልጆች ግማሽ ያህሉ ለአቅመ አዳምና ሔዋን አይደርሱም ነበር። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የነበረውን ክፉ ቀን አስቡት። የከብት በሽታ ገብቶ የአገሩን ከብት አብዛኛውን ጨረሰው። በሬ ከሌለ እርሻ የለም። እርሻ ከሌለ እህል የለም። ሰዉ በየመንገዱ ረገፈ። ባለቤቱ ሞቶ ጦም ባደረ ማሳ ላይ ቁጥቋጦ ቢበቅል «የድሮ ሰው ተፈጥሮን ጠበቀ» ማለት ይከብደኛል። ይህን ስናገር ሆዴ ይባባል። የነዚያ ሰዎች ረሃብ ለኛ የውብ ዘመን ሥዕል መሆን የለበትም።

ከባሕር ዳር የደወለች መምህርት፦ «ከመቶ ዓመት በፊት ኢትዮጵያ 40 በመቶ በደን ተሸፍና ነበር እያልን ነው የምናስተምረው። ስህተት ነው?»

እኔም በተማሪነቴ ሸምድጄዋለሁ። ግን ያኔ ማን ለካው? የአገሩን ደን የቆጠረ መሥሪያ ቤት አልነበረም፣ ከአየር የተነሳ ፎቶም አልነበረም። ቁጥሩ ከሪፖርት ወደ ሪፖርት እየተገለበጠ የመጣ ነው፤ የታሪክ ተመራማሪዎችም ተችተውታል። ሰሜኑና መካከለኛው ደጋ ከዚያ በፊት ለብዙ መቶ ዓመታት በሰፊው ተመንጥሮ ነበር። በደቡብ ምዕራብ ግን በኛ ዘመን ብዙ ደን ጠፍቷል፤ ይህ እውነት ነው። ስለዚህ እህቴ፣ ሁለቱን ለያይተሽ አስተምሪ። የወሎና የከፋ ታሪክ አንድ አይደለም።

ሌላም ልጨምርልሽ። የመናገሻ ሱባን ደን ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በሰሜን ሸዋ ካለው የወፍ ዋሻ ደን የጥድ ዘር አስመጥተው አስተከሉት ይባላል። ይህ በ15ኛው መቶ ዘመን ነው። ንጉሥ ደን ተክሉ ብሎ የሚያዝዘው መቼ ነው? ደን ሲጎድል ነው።

ከሽሮ ሜዳ የደወሉ እናት፦ «ባሕር ዛፍ ምንጩን አደረቀብን። ምኒልክ ባያስመጡት ጥድና ወይራችን አይኖርም ነበር?»

እማማ፣ ባሕር ዛፍ ውሃ ይጠጣል፣ ሥሩም ሌላ ተክል አያስጠጋም። ልክ ነዎት። ግን የመጣው የእንጦጦ ጥድ ካለቀ በኋላ ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ተቆረቆረች። ሠራዊቱ፣ መኳንንቱና ባለሟሉ ሁሉ በእንጨት ያበስላል፣ በእንጨት ይሠራል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ማገዶው እየራቀ ሄደ። ምኒልክ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው እዚያ ቤተ መንግሥት አሠርተው ነበር። በኋላ ቤተ ክርስቲያን የሆነው እሱ ነው። ከተማዋን ከመነቀል ካዳኗት ነገሮች አንዱ ቶሎ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ነው።

ከሳቸው በፊትማ መፍትሔው መነሳት ነበር። የመካከለኛው ዘመን ነገሥታት በድንኳን ከተማ ይኖሩ ነበር፤ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ይከተላቸዋል። ከሚነሱባቸው ምክንያቶች አንዱ የአካባቢው እንጨትና እህል ማለቁ ነበር። እንጨቱን ጨርሶ ወደሌላ መሄድ ጥበቃ አይባልም። የሚሄዱበት ቦታ ስለነበረ ብቻ ነው ያልታየው። የርስዎ ሰፈር ሴቶች ዛሬም ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው ቁልቁል ይወርዳሉ፤ እነሱ ወዴት ይነሳሉ?

ከመቀሌ በጽሑፍ የመጣ፦ «የዱር አራዊትስ?»

ባጭሩ፦ በ6ኛው መቶ ዘመን ኖኖሶስ የተባለ የሮም መልእክተኛ ከአዱሊስ ወደ አክሱም ሲጓዝ በመንገዱ ላይ ወደ 5,000 የሚጠጉ ዝሆኖች ማየቱን ጽፏል። የዝሆን ጥርስ ከአዱሊስ ወደቡ ለዘመናት ይጫን ነበር። ዛሬ በዚያ መንገድ ዝሆን የለም።

ከሐዋሳ የደወለ ተማሪ፦ «ይሄ የኛ ችግር ብቻ ነው?»

በፍጹም። ኒውዚላንድ ውስጥ ሞኣ የሚባሉ መብረር የማይችሉ ትልልቅ ወፎች ነበሩ። ሰው እዚያ የደረሰው ከዛሬ 700 ዓመት ገደማ በፊት ነው። በ150 ዓመት ገደማ ውስጥ ሞኣ አለቀ፤ ያለ ጠመንጃ፣ ያለ ብረት። በጥንቱ ደቡብ ኢራቅም የመስኖ ውሃ ጨው እየተወ መሬቱን አበላሸው፤ ገበሬው ስንዴን ትቶ ጨው ወደሚችለው ገብስ ዞረ። አሚባራ ሄደህ ነጭ ጨው የወጣበትን የአዋሽ መስኖ መሬት እይ። ያው ነገር ነው።

ከአዳማ የደወሉ እናት፦ «እኛ እኮ ምንም አንጥልም ነበር። ቅል፣ እንስራ፣ ሰፌድ። ፌስታል የት ነበር?»

እውነትዎን ነው፣ በዚህ እስማማለሁ። የተሰበረ እንስራ አፈር ይሆናል፣ ፌስታል ግን አይሆንም። ሆኖም ከቅሉ አጠገብ ምድጃውም ነበር። የናቴ ጓዳ ትዝ ይለኛል። ሦስት ጉልቻ፣ መስኮት የሌለው ግድግዳ፣ በጥላሸት የጠቆረ ጣሪያ። ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ኩበት ይደርቃል። እንጀራ ስትጋግር ዓይኗ ይቀላል፣ ታስላለች፣ በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች። ያ ኩበት ማሳ ላይ ቢበተን ማዳበሪያ ነበር። እሳት ውስጥ የገባው እንጨት ስለጠፋ ነው። መሬቱ በየዓመቱ ሲሳሳ ምክንያቱ እናቴ መሆኗን ማንም አይነግራትም፤ ብትሰማስ ምን አማራጭ ነበራት?

ከጎንደር የደወለ ወጣት፦ «ታዲያ ድሮም ያው ከሆነ ዛሬ ብንቆርጥ ምን አለበት?»

ወንድሜ፣ ይህ ጥያቄ አስጨንቆኛል። የዛሬው ሰው ከ120 ሚሊዮን በላይ ነው። ድሮ ያለቀው ቦታ ተትቶ ወደ ሌላ ይኬድ ነበር፤ አሁን ሌላ ቦታ የለም። ድሮውን የማነሳው «ወደ ኋላ እንመለስ» የሚለው መንገድ ስለማያድነን ነው።

ከድሮው ልንይዘው የሚገባ የለም ማለቴ ግን አይደለም። ኮንሶን ተመልከት። ከ400 ዓመት በላይ ዳገቱን በድንጋይ እርከን ይዘው አፈሩን አላስታጠቡም፤ በ2003 ዓ.ም. ዩኔስኮ መዝግቦታል። ይህ ግን ዝም ብሎ የመጣ ስምምነት አይደለም። መሬቱ ደረቅና ገደላማ ነው፤ ካልካቡት ይሄዳል። ዝናብ ካብ ባፈረሰ ቁጥር ወጥተው ይክባሉ።

ባንተ አካባቢም አለልህ። በደቡብ ጎንደር ከከፍታ ላይ ብታይ በታረሰው መሬት መሃል ክብ ክብ ጥቁር አረንጓዴ ነጥቦች ታያለህ። የቤተ ክርስቲያን ደኖች ናቸው። ከውጭው የሚለያቸው አጥርና ሰው የሚያከብረው ሕግ ነው። አንዳንዶቹ ዙሪያቸውን የድንጋይ ካብ ስለተሠራላቸው ከብት አይገባባቸውም፤ የዛፉ ችግኝ ከሥር ይበቅላል። ካብ በሌለበት ትልልቆቹ ዛፎች ቆመዋል፣ ከሥራቸው ግን የሚተካ ልጅ የለም። ሰፈርህ ያለው ደብር ካብ ከሌለው ከአለቃውና ከዕድር ዳኛው ጋር ተነጋገርና ድንጋይ መሰብሰብ ጀምሩ።