ኮኔክተሩን በቅጽል ስሙ አትዘዙ

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ውድ ተማሪዎች፣ እንደምን አላችሁ?

የመጣሁት ስለ ኤሌክትሪክ ኮኔክተር፣ ማለትም ሽቦን ከዕቃ ወይም ከሌላ ሽቦ ጋር ስለሚያገናኘው መሰኪያ፣ ቃላት ላወራችሁ ነው። ርዕሱ ደረቅ ይመስላል፤ አልክድም። ግን የተበላሸ ዕቃ ፈታታችሁ የምታውቁ ትመሰክሩልኛላችሁ። ቺፑ ይጠረጠራል፣ ባትሪው ይረገማል፣ መጨረሻ ላይ ጥፋተኛ ሆኖ የሚገኘው ሁለት ብረቶች የሚነካኩበት ቦታ ነው። ያንን ቦታ ደግሞ ስንጠራው በጣም እንዝረከረካለን።

በሙያችን ሁለት ዓይነት ቃላት አሉ። አንደኛው ቅጽል ስም ነው። ገዢና ሻጭ በቶሎ ይግባቡበታል። ሁለተኛው ውል ነው። ውሉ ቁጥር አለው፤ ቁጥሩም «ይህ የሚሠራው እንዲህ ሲሆን ብቻ ነው» የሚል ሁኔታ አለው። ቅጽል ስም በራሱ ኃጢአት የለበትም። ጣጣው የሚመጣው እንደ ውል ስንቆጥረው ነው።

ጉዳት ከሌላቸው ልጀምር። ሁላችንም «ዲቢ-9» እንላለን። ይህ ቤተሰብ ካነን የተባለው ኩባንያ በ1952 ያወጣው የዲ ቅርጽ ያለው ኮኔክተር ነው። ሁለተኛው ፊደል የቅርፊቱን መጠን ይናገራል። ኤ ለ15 ፒን (ፒን ማለት የሚሰካው ቀጭን የብረት እግር ነው)፣ ቢ ለ25፣ ሲ ለ37፣ ዲ ለ50፣ ኢ ለ9። ስለዚህ ትክክለኛው ዲኢ-9 ነው። የድሮው ኮምፒውተር ዲቢ-25 ነበረው፤ ያ ልክ ነበር። ባለ 9 ፒኑ ሲመጣ ሰው ቁጥሩን ብቻ ቀየረና ፊደሉን ተወው። አሁን ካታሎጎችም ሳይቀሩ ዲቢ-9 ብለው ይጽፋሉ። እኔ በዚህ ላይ ከማንም ጋር አልከራከርም። የታዘዘው ዕቃ በትክክል ይመጣልና።

«አርጄ45»ም እንደዚያው ነው። ኔትወርክ ላይ የምንሰካው ባለ 8 ቦታ፣ ባለ 8 ኮንታክት (ኮንታክት ማለት የሚነካካው ብረት ነው) ሞጁላር ፕላግ ነው። አርጄ የሚባሉት ቁጥሮች ከአሜሪካ የስልክ ደንብ የመጡ ሲሆኑ የሚገልጹት የሽቦ አያያዙን ጭምር ነው። የመጀመሪያው አርጄ45 እንዲያውም ጎኑ ላይ ጉብታ ስላለው ዛሬ የምናውቀው ቀዳዳ ውስጥ አይገባም። ይሁን፤ እንለፈው።

አሁን ወደሚያሳምመው እንምጣ። «ባለ 2 ፒን ጄኤስቲ ስጠኝ» ይላል አንዱ። ጄኤስቲ የጃፓን አምራች ነው። የኮኔክተር ዓይነት አይደለም። ብዙ ተከታታይ ምርቶች አሉት፤ ኤክስኤች በፒኖቹ መካከል 2.5 ሚሊ ሜትር አለው፣ ፒኤች 2.0፣ ዜድኤች 1.5፣ ኤስኤች 1.0። አራቱም «ጄኤስቲ» ናቸው። አንዱ ሌላው ውስጥ አይገባም። ስሙን ብቻ ብሎ ያዘዘ ሰው የታደለ ከሆነ ነው የሚገጥምለት።

የገጠመለትም ቢሆን ገና አልዳነም። እዚህ ላይ ሁለት ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ቃላት ሰውን ያሳስታሉ፤ ፖላራይዜሽንና ፖላሪቲ። የመጀመሪያው የፕላስቲኩ ጉዳይ ነው። ጉብታ ወይም ጎድጓዳ ተደርጎበት ኮኔክተሩ ተገልብጦ እንዳይገባ ይከለክላል። ሁለተኛው የፖዘቲቭና የኔጌቲቭ ጉዳይ ነው። ፕላስቲኩ ቀይ ሽቦ በየትኛው ቀዳዳ እንደገባ አያውቅም። ባለ 2 ፒን የፒኤች ባትሪ ገመዶች በሁለቱም አቅጣጫ ተሠርተው ይሸጣሉ። ፕላጉ ቀጥ ብሎ ይገባል፣ ጠቅ ይላል፣ ቦርዱ ይቃጠላል። ከመሰካታችሁ በፊት በመልቲሜትር ለኩ። ሁልጊዜ። አዲስ ገመድም ቢሆን።

ፒች የሚለውንም ቃል እንያዘው። ከአንዱ ፒን መሃል እስከ ቀጣዩ ፒን መሃል ያለው ርቀት ማለት ነው። 2.54 እና 2.5 በዓይን አይለዩም። ባለ 2 ፒን ላይ ልዩነቱ ማንንም አይጎዳም። ባለ 20 ፒን ላይ ግን 19 ክፍተት አለ፤ 0.04 ሲባዛ በ19፣ 0.76 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የመጨረሻዎቹ ፒኖች ቀዳዳቸውን ይስታሉ። ስለዚህ አንዱን ክፍተት በካሊፐር ለክታችሁ አትመኑ። ከመጀመሪያው ፒን እስከ መጨረሻው ለክታችሁ በክፍተቶቹ ብዛት አካፍሉ። በፒኖቹ ብዛት ያካፈለ ሰው የተሳሳተ ኮኔክተር ያዛል።

ወንድና ሴት የሚለው ደግሞ ቀላል ይመስላል። የሚገባው ወንድ፣ የሚቀበለው ሴት። እንዲህ ከሆነማ የዴስክቶፕ ኮምፒውተር የኃይል ገመድ ጫፍ ምንድን ነው? ዓለም አቀፉ ስሙ ሲ13 ነው። አካሉ ኮምፒውተሩ ላይ ባለው ሲ14 ውስጥ ይገባል። ሆኖም ሲ13 ሴት ነው። ምክንያቱም የሚወስነው ቅርፊቱ ሳይሆን ውስጡ ያለው ኮንታክት ነው፤ ሲ13 ቀዳዳ ሲኖረው ሲ14 ፒን አለው። ይህ በዘፈቀደ የተደረገ አይደለም። ኃይል የሚመጣበት ወገን ኮንታክቱን መደበቅ አለበት። ገመዱ ግድግዳ ላይ ተሰክቶ ሌላው ጫፉ ወለል ላይ ቢወድቅ ጣት የሚነካው ባዶ ፒን መኖር የለበትም። ሁለቱም ጫፉ ወንድ የሆነ ገመድ የሚሠራ ሰው ካገኛችሁ፣ እባካችሁ በጨዋነት አስቁሙት።

አንቴና ላይ ነገሩ ይብሳል። ኤስኤምኤ የሚባለው ባለ ብሎን ኮኔክተር አለ። ሪቨርስ ፖላሪቲ የሚባል ዘመድም አለው፤ ብዙ የዋይፋይ ራውተሮች የሚጠቀሙት እሱን ነው። የብሎኑ ጥርስ አንድ ነው፤ መሃል ያለው ፒንና ቀዳዳ ግን ተቀያይሯል። አንዱን ከሌላው ጋር ብታጋጥሙት ዳዶው በደንብ ይዞራል፣ ይጠብቃል። መሃል ላይ ግን ቀዳዳ ከቀዳዳ ይፋጠጣል። ምንም አይነካካም። ወይም ፒን ከፒን ይጋጫል። ሲግናል ጠፋ ተብሎ ራውተሩ ይወቀሳል። (በነገራችን ላይ እዚህ «ፖላሪቲ» የሚለው ቃል ከፖዘቲቭና ከኔጌቲቭ ጋር ምንም አያገናኘውም። ስሙን ያወጣው ሰው ለእኛ አልራራም።)

ቢኤንሲ የሚባል የሲግናል ኬብል ኮኔክተርም አለ። ስሙ በባዮኔት አቆላለፉና በፖል ኒል እና በካርል ኮንሰልማን ስም የተሰየመ ነው። ቢኤንሲ በኢምፒዳንሱ፣ ማለትም ሲግናሉ በሚያጋጥመው ተቃውሞ፣ 50 ኦምም 75 ኦምም ሆኖ ይሠራል። ሁለቱ ዓይነቶች አብዛኛውን ጊዜ እርስ በርስ ይሰካካሉ፤ በከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ግን ሲግናሉ መገጣጠሚያው ላይ ይንጸባረቃል። ስለዚህ «ቢኤንሲ» ብሎ ያዘዘ ሰው ግማሹን ብቻ ነው የተናገረው።

አሁን ብዙ ጊዜ ልወስድበት የምፈልገው ነገር ላይ ደረስኩ። እሱም አምፔር፣ የከረንት (የኤሌክትሪክ ፍሰት) መለኪያው፣ ነው።

ዳታሺት (የአምራቹ መግለጫ ወረቀት) ላይ «10 አምፔር» ተብሎ ይጻፋል። ብዙዎቻችን እስከ 10 ድረስ እንደልብ የተፈቀደ አድርገን እናነበዋለን። ዝቅ ብላችሁ ትንንሹን ጽሑፍ አንብቡ። ብዙ ጊዜ ቁጥሩ ማለት ኮንታክቱ ከአካባቢው ሙቀት በላይ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ እስኪሞቅ ድረስ የተሸከመው ከረንት ነው። ያም በተወሰነ የሽቦ ውፍረትና በተወሰነ የፒን ብዛት ነው። አንድ ፒን ብቻውን የሚሸከመውን፣ 12ቱም ጎን ለጎን ሲጫኑ አይሸከሙም። ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ቀጭን ሽቦ ካስገባችሁም ቁጥሩ ይወርዳል፤ ወፍራም ሽቦ ሙቀቱን ከኮንታክቱ ጎትቶ ያወጣ ነበርና።

ሙቀቱ ከየት ይመጣል? ሁለት የብረት ገጾች ለስላሳ ቢመስሉም በጥቃቅን ደረጃ ጎርባጣ ናቸው። በእውነት የሚነካኩት ጥቂት ነጥቦች ላይ ብቻ ነው። ይህን በ20ኛው ክፍለ ዘመን በሰፊው ያጠናው ስዊድናዊው ራግናር ሆልም ነው። ከረንቱ ሁሉ በእነዚያ ነጥቦች መሹለክ አለበት። ይህ የመነካኪያው ተቃውሞ ኮንታክት ሬዚስታንስ ይባላል፤ የሚለካውም በሚሊኦም (በኦም አንድ ሺህኛ) ነው። ትንሽ ይመስላል። 10 ሚሊኦም ላይ 10 አምፔር ሲያልፍ 1 ዋት ሙቀት ይወጣል። ከረንቱን ወደ 20 ስታሳድጉት 2 ዋት አይደለም፤ 4 ዋት ነው። ይህ ሁሉ ሙቀት ጥፍር በምታህል ፕላስቲክ ውስጥ ነው።

ከዚያ ነገሩ ራሱን ይመገባል። ኮንታክቱን አጥብቆ የያዘው ሞላ ሲሞቅ ይላላል። ሲላላ የሚነካኩት ነጥቦች ያንሳሉ። ሬዚስታንሱ ይጨምራል፣ ሙቀቱም ይብሳል። ቡናማ ሆኖ የጠቆረ ኮኔክተር ያያችሁት ይህን መንገድ ተጉዞ ነው። ያንን ፕላግ ብቻ አዲስ ቀይራችሁ ሌላውን ወገን አትተዉ። የላላው ሞላ እዚያው ካለ አዲሱም ይከተለዋል።

ለዚህ ነው የኮንታክቱ ቅብም የውሉ አካል የሆነው። ወርቅ አይዝግም፤ ስለዚህ ትንሽ ግፊት ይበቃዋል። ቲን (ቆርቆሮ) ግን ስስ ኦክሳይድ ያበጃል፤ እሱን ለመስበር ጠንካራ ሞላ ይፈልጋል። ሁለቱም በቦታቸው ጥሩ ናቸው። ወርቅን ከቲን ጋር ማጋጠም ግን መጥፎ ጋብቻ ነው። ንዝረትና የሙቀት ለውጥ ኮንታክቱን በጥቂቱ ወዲያ ወዲህ ሲያሹት የቲኑ ኦክሳይድ እዚያው ይከማቻል። ወርቅ ቅብ ብዙ ጊዜ ከአንድ ማይክሮን በታች ነው። በብርጭቆ ወረቀት ፈትጎ «አጸዳሁት» የሚል ሰው ወርቁን አንስቶታል።

ክሪምፕም፣ ማለትም ተርሚናል የሚባለውን የጫፍ ብረት ሽቦው ላይ ጨፍልቆ ማጣበቅ፣ ስሙ ከሚገባው በላይ ተዘርግቷል። በፒንሳ የተጨፈለቀ ሁሉ ክሪምፕ አይደለም። ትክክለኛ ክሪምፕ የሽቦውን ክሮችና ተርሚናሉን አየር እስከማያስገባ ድረስ ያጣብቃል። ለዚያ የተርሚናሉ ልክ የሆነ መሣሪያ ያስፈልጋል። «ለጥንቃቄ» ብሎ የሽቦውን ጫፍ በሶልደር (ቀልጦ በሚያጣብቅ ብረት) አጠንክሮ በብሎን ተርሚናል የሚያስርም አለ። ሶልደር በግፊት ሥር ቀስ እያለ ይፈስሳል። ዛሬ የጠበቀው ብሎን ከወራት በኋላ ይላላል። ፌሩል የምትባለዋ፣ የሽቦው ጫፍ ላይ የምትጠለቀው ትንሽ ቱቦ የተሠራችው ለዚሁ ነው።

ስለ ዩኤስቢ-ሲ ሳልናገር ብወርድ ትቆጡኛላችሁ። ዩኤስቢ-ሲ የቅርጽ ስም ነው። ቀዳዳው 24 ኮንታክት እንዳለው ይነግራችኋል። ፍጥነቱን አይነግራችሁም። አንዱ ኬብል በሰከንድ 480 ሜጋቢት ብቻ ያስተላልፋል፣ ሌላው 40 ጊጋቢት። ኃይሉንም አይነግራችሁም። ውስጡ መለያ ቺፕ የሌለው ኬብል 3 አምፔር ላይ ይቆማል፤ በ20 ቮልት 60 ዋት ማለት ነው። ከዚያ በላይ እስከ 240 ዋት ለመሄድ ባለ 5 አምፔር መለያ ቺፕ ያለው ኬብል ግዴታ ነው። «ቻርጀሩ ቀርፋፋ ነው» ከማለታችሁ በፊት ኬብሉን ቀይሩ።

አይፒ67 የሚባለው የአቧራና የውሃ መከላከያ ደረጃም ውል ነው። አቧራ አይገባም፣ 1 ሜትር ጥልቀት ውስጥ ለ30 ደቂቃ ቢጠልቅ ይችላል። በግፊት የሚረጭ ውሃን አላለም። ኮኔክተር ላይ ሲጻፍ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ሁለቱ ወገን ተጋጥሞ ሲቆለፍ ነው። ክፍቱን የተተወ ፕላግ ምንም ውል የለውም።

እንግዲህ በሚቀጥለው ጊዜ ስታዝዙ ይህን ጻፉ። አምራቹንና የተከታታዩን ስም፣ የፒን ብዛት፣ ፒች፣ ኮንታክቱ ወንድ ይሁን ሴት፣ የሽቦ ውፍረት፣ ቅቡ ምን እንደሆነ። ፒኖቹን በሥዕል ስታሳዩ ደግሞ ከየት በኩል እንዳያችሁት ጻፉበት፤ ከሚጋጠምበት ፊት ነው ወይስ ከሽቦው በኩል? ሁለቱ እንደ መስታወት የተገለበጡ ናቸው። ይህች አንዲት መስመር ስትቀር ዲኢ-9 ላይ ፒን 1 የነበረው ፒን 5 ይሆናል። ሥዕሉን የሳለው ልክ ነው፣ ሽቦውን ያሰረው ልክ ነው፣ ዕቃው ግን አይሠራም።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ።