ድብድብና ተኩስ የሌለባቸውን የቪዲዮ ጨዋታዎች ለመላው ቤተሰብ ስለ መምረጥ

(በስክሪኑ ላይ፦ ከላይ ወደ ታች የሚወርዱ ባለ ቀለም ቅርጾች)

አሁን የምትመለከቱት ጨዋታ ቴትሪስ ነው። አሌክሲ ፓጂትኖቭ እ.ኤ.አ. በ1984 ሞስኮ ውስጥ የፈጠረው ሲሆን፣ በውስጡ ያሉት ቅርጾች ሰባት ብቻ ናቸው፤ ሁሉም ከአራት እኩል ካሬዎች የተገጣጠሙ ናቸው። ጠላት የለበትም፣ ተኩስ የለበትም፣ ለመጫወትም ማንበብ አያስፈልግም። ረድፉ ክፍተት ሳይኖረው ሲሞላ ይጠፋል፤ ፊደል ያልቆጠረ ልጅም ጥቂት ካየ በኋላ ሕጉን ይረዳዋል። ይሁን እንጂ ተጫዋቹ በገፋ ቁጥር ቅርጾቹ እየፈጠኑ ስለሚወርዱ፣ ጣቱ ያልለመደ ሰው ብዙም ሳይቆይ ይሸነፋል። ስለዚህ ድብድብ አለመኖሩ ብቻውን አንድን ጨዋታ ለልጅም ለአያትም እኩል አያመቸውም፤ ጨዋታው ጀማሪን እንዴት እንደሚቀበልም መታየት አለበት።

(በስክሪኑ ላይ፦ የዕድሜ እርከን ምልክቶች)

ብዙ ወላጆች በቅድሚያ የሚመለከቱት በማሸጊያው ላይ የታተመውን የዕድሜ ምልክት ነው። በአውሮፓ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የሚሠራበት ፔጊ የተባለው የጨዋታ መመዘኛ ሥርዓት 3፣ 7፣ 12፣ 16 እና 18 የሚሉ እርከኖች አሉት፤ በሰሜን አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1994 የተቋቋመው መዛኝ ድርጅት ኢኤስአርቢ ደግሞ በፊደላት ይጠቀማል። እነዚህ ምልክቶች የሚመዝኑት ይዘቱን እንጂ ለመጫወት ምን ያህል እንደሚከብድ አይደለም። የቼዝ ጨዋታ 3 የሚል ምልክት ሊሰጠው ይችላል፤ ይህ ማለት ግን የሦስት ዓመት ልጅ ቼዝ ይችላል ማለት አይደለም። በተቃራኒው 7 የሚለው እርከን ከእውነታው የራቀ፣ የካርቱን ዓይነት ድብድብን ይፈቅዳል። ምንም ዓይነት ምት ማየት የማይፈልግ ቤተሰብ እንግዲህ ከቁጥሩ ጋር የሚወጡትን ትንንሽ ሥዕሎች ቢመለከት ይሻላል፦ ቡጢው ድብድብን፣ ሸረሪቷ አስፈሪ ትዕይንትን ያመለክታሉ።

የጨዋታው ዓይነትም ሊያሳስት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ስታርዲው ቫሊ በአብዛኛው እርሻና የመንደር ኑሮ ነው፤ ነገር ግን በማዕድን ዋሻዎቹ ውስጥ ጭራቆችን በሰይፍ መምታት አለ። በብሎክ የሚገነባበት ጨዋታ ማይንክራፍት ደግሞ ተጫዋቹ እንደመረጠው ይለያያል። «ሰላማዊ» የሚለው ማስተካከያ ሲመረጥ በጨለማ የሚመጡት ጭራቆች አይመጡም፤ በ«ፈጠራ» ስልት ደግሞ የግንባታ ቁሳቁሱ ያለ ገደብ ይቀርባል። በዚያ ስልት አንድ ልጅ ቤት ሲሠራ፣ ሌላው ድልድይ ሲዘረጋ፣ እናታቸው የአትክልት ቦታ ስትተክል፣ ሦስቱም በአንድ ዓለም ውስጥ ሆነው አንዱ የሌላውን ሥራ ሳያበላሽ ሊቆዩ ይችላሉ። ለቤተሰብ ጨዋታ ከዚህ የተሻለ ነገር ለማግኘት እቸገራለሁ፤ ማስተካከያውን መጀመሪያ ከፍታችሁ ማየት ግን የእናንተ ፋንታ ነው።

(በስክሪኑ ላይ፦ የመኪና ውድድር)

ውድድር ለሚወዱ ማሪዮ ካርት 8 ዴሉክስ ለጀማሪ የሚያደርገው እገዛ ያስደስተኛል። መኪናው ከመንገዱ እንዳይወጣ የሚጠብቅና ነዳጁን በራሱ የሚሰጥ ማስተካከያ ስላለው፣ ትንሹ ልጅ ከታላቁ ጋር በአንድ መስመር ተሰልፎ ውድድሩን ይጨርሳል። ተጫዋቾቹ ዛጎል ስለሚወራወሩ ግን ከምት ፍጹም የጸዳ ነው አልልም። ያንንም ለማይፈልግ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው አኒማል ክሮሲንግ፦ ኒው ሆራይዘንስ አለ፤ ሰዓቱ ከእውነተኛው ቀንና ሌሊት ጋር ስለሚሄድና መሸነፍ የሚባል ነገር ስለሌለው፣ በቀን ጥቂት ደቂቃ ዓሣ አጥምዶ፣ አበባ አጠጥቶ መውጣት ይቻላል።

ስለ ገንዘብ አንድ ነገር ልጨምር። በነጻ የሚወርድ ሰላማዊ የሚመስል ጨዋታ በየደረጃው ክፍያ ሊጠይቅ ይችላል፤ ፔጊም እ.ኤ.አ. በ2018 የባንክ ካርድ የያዘ እጅ የሚያሳይ ምልክት የጨመረው ስለዚህ ነው። በውስጡ ምን እንዳለ ሳይታወቅ የሚገዛ የዕድል ሣጥን ያለበትን ጨዋታ ለልጅ ባትመርጡ እመክራለሁ።

በመጨረሻም ጨዋታውን ከመግዛታችሁ በፊት ሌላ ሰው ሲጫወተው የሚያሳይ ቪዲዮ ፈልጋችሁ የመጀመሪያዎቹን ሃያ ደቂቃዎች ተመልከቱ። ከገዛችሁም በኋላ ጆይስቲኩን በቅድሚያ ከሁላችሁም ልምድ ለሌለው ሰው ስጡት፤ ሌሎቻችሁ ከጎኑ ተቀመጡ፣ እስኪጠይቃችሁም ድረስ እጃችሁን አታስገቡ። ስሕተቱን አርሞ «አንድ ጊዜ ደግሞ ልሞክር» ካለ ይሞክር፤ ከእሱ ቀጥሎ ያለው ተራ የእናንተ ነው።