ዝናብ ሳያይ የሚያልቅ ስልጠና

ጤና ይስጥልኝ፤ እንዴት ከረማችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም። ብቻዬን ላወራችሁ የፈለግኩት ነገር አለ።

አንዳንዶቻችሁ እንደምታውቁት ሥራዬ የስልጠና ፕሮግራም ማዘጋጀት ነው። የዝናብ ውሃ ማሰባሰብ፣ የአፈርና ውሃ ጥበቃ፣ ግቢንና ማሳን ከተፈጥሮው ጋር አስማምቶ መንደፍ፣ እነዚህን ነው የማሰለጥነው። ሰልጣኞቼ አብዛኞቹ የልማት ጣቢያ ሠራተኞችና የቴክኒክና ሙያ መምህራን ናቸው። ሰሞኑን አንድ ጥያቄ ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል። ስልጠናው በየትኛው ወር ይሰጥ?

የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ጀምሮ ሰኔ 30 ያልቃል። ገንዘቡ ተፈቅዶ፣ ግዢው አልቆ ሥራ እስኪጀመር ወራት ይነጉዳሉ። ከዚያ ግንቦት ላይ ሩጫ ይጀመራል። በጀቱ ተመላሽ ሳይሆን እንጠቀምበት ይባላል። አዳራሽ ይፈለጋል፣ ባነር ይታተማል፣ አበል ይሰላል። ሰልጣኙ ሰርተፊኬቱን ይዞ ወረዳው ሲገባ ክረምቱ ደርሷል። ያኔ ጉድጓድ አይቆፈር፣ ክትር አይሠራ። ገበሬውም ከእርሻው ቀና የሚልበት ጊዜ የለውም። ሕዝቡ ለተፋሰስ ሥራ የሚወጣው ጥርና የካቲት ላይ ነው። እስከዚያ ድረስ የተማረው ግማሹ ተረስቷል።

እንዲሁ የማልፈው ጉዳይ አይደለም፤ በጣም ያንገበግበኛል። የምናስተምረው ስለ ዝናብ ነው። ግን የስልጠናውን ቀን የሚቆርጠው የሂሳብ መዝጊያ ነው።

የአዳራሽ ትምህርት ጥቅም የለውም እያልኩ አይደለም። ስሌቱ እዚያ ይሠራል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ነው። 50 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ በዓመት 1,000 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢያገኝ 50,000 ሊትር ይሆናል። ለብክነት አንድ አምስተኛውን ቀንሱለት፤ 40,000 ይቀራል። እዚህ ላይ ሰልጣኞች ዓይናቸው ይበራል። ቀጥዬ የምጠይቀው ግን ውሃው የት ይቀመጣል የሚለውን ነው። አንድ ቤተሰብ በቀን 60 ሊትር ቢጠቀም፣ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ለስምንት ወር 14,400 ሊትር ያስፈልገዋል። የበልጉን ዝናብ ለጊዜው እንተወው። 5,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ የገዛ ሰው ከሦስት ወር በታች ነው የሚያዘልቀው። ይህን ሳይነግሩ ሰው ገንዘቡን እንዲያወጣ መገፋፋት ተገቢ አይመስለኝም።

አንዳንድ ነገር ግን በደረቅ ወር አይታይም። ሐምሌ ላይ ሰልጣኞችን ይዤ አንድ ትምህርት ቤት ግቢ ቆሜ ነበር። አሸንዳው ሲገጠም ቀጥ ያለ፣ ለዓይን የሚያምር ነበር። ዶፉ ሲወርድ ውሃው መሃል ላይ ተጠራቅሞ ግድግዳው ላይ መፍሰስ ጀመረ። አሸንዳ በየሜትሩ አንድ ሴንቲ ያህል ተዳፋት ይፈልጋል። ይህን ሁሉም ደብተራቸው ላይ ጽፈውታል። ያን ቀን ግን ጫማቸው ርሶ አዩት። ከዚያ ውሃውን ተከትለን ሄድን። ከሮቶው የተረፈው የት ይወድቃል? የመሠረቱን አፈር እየሸረሸረ ነበር። የእግር መንገዱ ጎርፉን ወዴት ይመራዋል? ወደ መጸዳጃ ቤቱ። አንዲት ሰልጣኝ ጃንጥላዋን ይዛ የጎርፉን መንገድ ወረቀት ላይ ስትስል ወረቀቱ ራሰ። እሷ ግን መሳሏን አላቆመችም። በዚያች ከሰዓት የተማሩትን እኔ በፓወር ፖይንት በሳምንትም አላስተምራቸውም።

በ1995 ዓ.ም. አካባቢ በአማራና በትግራይ በየቤቱ የውሃ ማጠራቀሚያ ኩሬ ሲቆፈር ታስታውሳላችሁ? ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ከድርቅ ማግስት ሰው ውሃ ማስቀረት ፈለገ። ግን በኮታ ነበር የተቆፈረው። አንዳንዱ ጎርፍ የማይመጣበት ቦታ ላይ ሆነ። አንዳንዱ የተነጠፈለት ፕላስቲክ ተቀደደና ውሃውን መሬት ጠጣው። ሞልቶም ቢሆን ውሃውን አውጥቶ ማሳ ላይ የሚያደርስ መሣሪያ የሌለው ብዙ ነበር። ፕላስቲኩ ሲቀደድ ማን እንደሚጠግነው ያስተማረ ስልጠና ቢኖር ኖሮ ዛሬ ስንቱ ኩሬ አገልግሎት ይሰጥ ነበር!

ስለ ጥገና ሳስብ ኮንሶ ትዝ ይለኛል። የኮንሶ መልክዓ ምድር በ2011 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከ400 ዓመት በላይ፣ 21 ትውልድ የተቀባበለው ሥራ ነው። እርከኑ አፈሩን ይይዛል፣ ውሃውን ያሰርጋል፣ ትርፉን ደግሞ ያሳልፋል። ይህ የቆየው ካቡ በፈረሰ ቁጥር የሚክበው ሰው ስላለ ነው። እኛ ሰልጣኞችን ወደዚያ የምንወስደው ለጉብኝት ነው። ፎቶ አንስተን እንመለሳለን። እኔ የምፈልገው ካብ የሚክቡት አባቶች አሰልጣኝ ተብለው፣ የአሰልጣኝ ሙሉ ክፍያ ተከፍሏቸው፣ ሰልጣኙ ድንጋይ አንስቶ እነሱ እያረሙት እንዲማር ነው። ድንጋይ አመራረጥ ከማኑዋል አይገኝም።

ስለዚህ አዲሱን ፕሮግራም ከፋፍዬዋለሁ። ታኅሣሥ ላይ ስሌቱና ንድፉ። በክርና በውሃ ልክ ኮንቱር፣ ማለትም እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኝ መስመር፣ ማውጣትም እዚያው ነው። ከዚያ ሰልጣኙ በጋውን በገዛ ቀበሌው አንድ ነገር ይሠራል። ሐምሌ ላይ በዝናብ ውስጥ እንገናኛለን፤ የየራሳቸውን ሥራ እናያለን። ኅዳር ላይ ደግሞ እንመለሳለን። የገባውን ደለል በእንጨት እንለካለን፤ አሸንዳውን ማን እንደሚጠርግ፣ ቧንቧው ሲሰበር ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ከቤተሰቡ ጋር እንነጋገራለን። ለዚህ ውይይት አባወራው ብቻ እንዲጠራ አልፈልግም። ውሃ የምትቀዳው እናት፣ ጄሪካን የምትሸከመው ልጅ ናት። የትኛው ቀን ውሃው እንዳለቀ የምታውቀውም እሷ ናት።

ችግሩ የሐምሌውና የኅዳሩ ዙር የሚወድቁት በሚቀጥለው በጀት ዓመት ነው። አንድ ስልጠና በሁለት በጀት ይሁን ስል ፋይናንስ ክፍሉ ግራ ይገባዋል። ዕቅዱን አስገብቻለሁ። የተሰጠኝ አማራጭ ሦስቱንም ዙር ግንቦት ላይ አጠቃልሎ መጨረስ ነበር። አልተቀበልኩም። ደብዳቤውን እንደገና ጽፌ፣ የሐምሌውን ፎቶዎች አባሪ አድርጌ ልኬያለሁ። መልሱ ሲመጣ እነግራችኋለሁ። ሰላም ሁኑ።