«አለህ?» «አለሁ»፦ ኢንማርሳት ባሕሩን እንዴት አገናኘ?

[ምስል፦ የጅቡቲ ወደብ ከሩቅ። ካሜራው ቀስ እያለ ወደ አንድ የጭነት መርከብ ጣሪያ ይጠጋል።]

ጅቡቲ ወደብ ደርሶ የተመለሰ ሰው ይቺን ነገር ሳያያት አይቀርም። መርከቡ ጣሪያ ላይ የተቀመጠች ነጭ ድቡልቡል ነገር። ሮቶ ትመስላለች፤ ግን ውሃ የለባትም። ውስጧ ያለው አንቴና ነው። መርከቡ በማዕበል ሲንገላታ አንቴናው አብሮ ይዞራል፣ ይጎነበሳል፣ ቀና ይላል። ፊቱን ግን ከአንዲት የሰማይ ነጥብ አያነሣም። እዚያች ነጥብ ላይ፣ ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ሳተላይት አለ።

ዛሬ የምናወራው ይህን ሥራ በዓለም ስላስለመደው ኩባንያ ነው። ኢንማርሳት ይባላል። ሲወለድ ግን ኩባንያ አልነበረም። ወደዚያ እንመጣለን። (ቀኑንም ወሩንም ዓመቱንም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው።)

[ምስል፦ የድሮ መርከብ የሬድዮ ክፍል። የሞርስ ድምፅ።]

ከሳተላይት በፊት መርከብ የሚያወራው በሬድዮ ነበር። ቅርብ ለቅርብ ችግር የለም። ምድር ክብ ናትና መርከቡ ከአድማስ ጀርባ ሲገባ ግን የቅርብ ሬድዮ አይሠራም። ለሩቁ አጭር ሞገድ ነበር። አጭር ሞገድን ታውቁታላችሁ። ማታ ማታ የውጭ አገር የአማርኛ ስርጭት ለመስማት ሬድዮኑን መስኮት ላይ የሚያስጠጋ አባት የነበረው ሁሉ ያውቀዋል። ድምፁ ይመጣል፣ ይርቃል፣ ያፏጫል። ልክ ወሬው ሲጥም ይጠፋል። ሞገዱ የሚጓዘው በላይኛው የአየር ክፍል ላይ እየነጠረ ነው። የዚያ አየር ጠባይ ደግሞ ቀንና ሌሊት አንድ አይደለም። አሁን እየመጣ የሚጠፋው ወሬ ዜና ሳይሆን «እየሰመጥን ነው» የሚል ጥሪ ነው ብላችሁ አስቡት።

ጥሪው ቢደርስም ሰሚ ያስፈልጋል። በ1912 ታይታኒክ ስትሰምጥ ካሊፎርኒያን የምትባል መርከብ ብዙም ሳትርቅ ቆማ ነበር። የነበራት አንድ የሬድዮ ሠራተኛ ብቻ ነው። እሱም ሥራውን ጨርሶ ተኝቶ ነበር።

[ምስል፦ ሮኬት ሲነሣ።]

በ1976 ኮምሳት የተባለ የአሜሪካ ድርጅት ማሪሳት የሚባሉ ሦስት ሳተላይቶችን አመጠቀ። አንዱ ለአትላንቲክ፣ አንዱ ለፓስፊክ፣ አንዱ ለሕንድ ውቅያኖስ። ትልቁ ደንበኛ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ነበር፤ የራሱ ሳተላይቶች ስለዘገዩበት ነው የተከራየው። የንግድ መርከቦች የገቡት ባሕር ኃይሉ በከፈለበት መኪና ላይ ተንጠላጥለው ነው ማለት ይቻላል።

በዚያው ዓመት ለንደን ላይ ሌላ ነገር ተፈረመ። መንግሥታት ተሰብስበው «ለባሕር የሚሆን የሳተላይት ድርጅት በጋራ እናቁም» ተባባሉ። ኢንማርሳት የተወለደው እንዲህ ነው። አሜሪካም ሶቭየት ኅብረትም አባል ሆኑ። ቀዝቃዛው ጦርነት ላይ ነን፤ ሁለቱ በሌላው ነገር ሁሉ ዓይንና ናጫ ናቸው። ግን የሁለቱም መርከብ ይሰምጣል።

አሠራሩ እድር ይመስላል። የሚለየው መዋጮው እኩል አለመሆኑ ነው፤ ብዙ የሚደውል አገር ብዙ ያዋጣል። ስምምነቱ በ1979 ጸና፤ አገልግሎቱ በየካቲት 1982 ተጀመረ። ኢንማርሳት ጎጆ ሲወጣ የራሱ ቤት አልነበረውም። ማሪሳትን ተከራየ፣ ከአውሮፓ የጠፈር ድርጅትም ተከራየ፣ ኢንቴልሳት ከተባለው ሌላ የሳተላይት ድርጅትም ተከራየ። የራሱን ሳተላይት ያመጠቀው በ1990 ነው።

[ምስል፦ ሉል ዙሪያውን ሳተላይቶች። መስመሮች ከመርከብ ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ምድር ጣቢያ።]

እንዴት ነው የሚሠራው? በዚያ ከፍታ ያለ ሳተላይት ከምድር እኩል ይዞራል። ስለዚህ ከታች ለሚያየው ቆሞ የቀረ ይመስላል። አንዱ ሳተላይት የምድርን ሲሶ ገደማ ስለሚያይ፣ በጥቂት ሳተላይቶች ከዋልታዎቹ አካባቢ በቀር ውቅያኖሱ ሁሉ ይሸፈናል። መርከቡ ወደ ላይ ይልካል፣ ሳተላይቱ ወደ ምድር ጣቢያ ያወርዳል፣ ጣቢያው ከተራው የስልክ መስመር ጋር ያገናኛል። የተመረጠው ሞገድ ዶፍ ዝናብ ብዙም የማይበግረው ነው። መርከብ ነፍሱ የምትጨነቀው ደግሞ በዝናብና በማዕበል ጊዜ ነው።

ጉዳቱ ርቀቱ ነው። ጠይቃችሁ መልስ እስኪመለስ ግማሽ ሰከንድ ያልፋል። ሁለት ሰው አንድ ላይ ማውራት ይጀምርና ሁለቱም «እሺ ቀጥል» ብለው ዝም ይላሉ።

የመጀመሪያዎቹ መሣሪያዎች ከባድና ውድ ነበሩ። ጥሪው በደቂቃ እስከ 10 ዶላር ይደርስ ነበር። መርከበኛው እናቱን «ደህና ነኝ» ለማለት ሒሳብ መሥራት ነበረበት። ስልኩ የካፒቴኑና የመርከቡ ባለቤት ዕቃ ሆኖ ቆየ።

ሥራውን ያሰፋው ኢንማርሳት ሲ የተባለች ትንሽ መሣሪያ ናት። ድምፅ አታስተላልፍም፤ ጽሑፍ ብቻ። አንቴናዋ ትንሽ ስለሆነች ትንሹም መርከብ ይሸከማታል። ከዚያ ሕግ መጣ። ከ1992 ጀምሮ ቀስ በቀስ፣ በ1999 ደግሞ ሙሉ በሙሉ፣ ዓለም አቀፍ ጉዞ የሚያደርጉ ትልልቅ መርከቦች አዲሱን የአደጋ ጥሪ ሥርዓት እንዲይዙ ተገደዱ። በሳተላይት በኩል ያንን ግንኙነት የሚያቀርበው ኢንማርሳት ብቻ ነበር፤ እስከ 2020 ድረስ። እውነቱን እንነጋገር ካልን፣ ሕግ ራሱ ደንበኛ የሚያመጣለት ነጋዴ ዕድለኛ ነው።

በአጭርና በረጅም ድምፅ ፊደል የሚላክበት የድሮው የመርከብ ቋንቋ፣ ሞርስ፣ ግን ተሰናበተ። የፈረንሣይ ባሕር ኃይል በጥር 31 ቀን 1997 የመጨረሻውን የሞርስ መልእክት ላከ፦ «ለሁሉም፦ ከዘላለም ዝምታችን በፊት የመጨረሻ ጥሪያችን ይህ ነው።» የቴሌግራፍ ሠራተኛ ሲሰናበትም ያምርበታል።

[ምስል፦ አውሮፕላን፣ በረሃ ላይ የቆመ ጋዜጠኛ፣ የአክሲዮን ገበያ ሰሌዳ።]

ከባሕር ወጥቶ አየርና የብስም ገባ። በ1991 የባሕረ ሰላጤው ጦርነት ጋዜጠኞች ከባግዳድ በኢንማርሳት ደውለዋል። በ1994 በስሙ ውስጥ የነበረው «የባሕር» የሚለው ቃል «ተንቀሳቃሽ» በሚል ተተካ።

በ1999 ትልቁ ለውጥ መጣ። ከ80 በላይ አገሮች የነበሩበት ማኅበር የግል ኩባንያ ሆነ። እንዲህ ያደረገ የመጀመሪያው የመንግሥታት ድርጅት ነው። የአደጋ ጥሪውን ግዴታ እንዳይረሳ የሚቆጣጠር ትንሽ የመንግሥታት ቢሮ ለንደን ላይ ቀረ።

ጊዜው ክፉ ነበር። በዚያው ዓመት ነሐሴ 66 ሳተላይት ያሰማራው ኢሪዲየም ከሰረ። ከኢንማርሳት ጉያ የወጣው አይኮ የተባለው ኩባንያም በዚያው ወር ተከተለው። ሁለቱም በየሰው እጅ የሚያዝ የሳተላይት ስልክ እንሸጣለን ብለው ነበር፤ ተራው ሞባይል ቀደማቸው። ኢንማርሳት የተረፈው ሞባይል የማይደርስበት ደንበኛ ስለነበረው ይመስለኛል። ውቅያኖስ መሀል ማን ማማ ይተክላል?

ከዚያ በኋላ ያለው የገንዘብ ሰዎች ወሬ ስለሆነ ቶሎ እንለፈው። በ2003 ኢንቨስተሮች ገዙት፣ በ2005 ለንደን ገበያ ወጣ፣ በ2019 እንደገና ኢንቨስተሮች ገዙት።

[ምስል፦ ጨለማ። የሕንድ ውቅያኖስ ካርታ።]

እዚህ ላይ ግን ቆም እንበል። መጋቢት 8 ቀን 2014 የማሌዥያው አውሮፕላን ኤምኤች 370 ከራዳር ጠፋ። 239 ሰዎች ተሳፍረውበታል። ሬድዮው ዝም ብሏል። አውሮፕላኑ ላይ የነበረው የሳተላይት መሣሪያ ግን ለሰዓታት መልስ ሲሰጥ ነበር። ከምድር ጣቢያው በየሰዓቱ ገደማ አጭር ጥያቄ ይላካል፤ በእኛ ቋንቋ «አለህ?» እንደ ማለት ነው። አውሮፕላኑ «አለሁ» ይላል። ሌላ ቃል የለም። የት እንዳለ አይናገርም።

የኢንማርሳት መሐንዲሶች ያቺን «አለሁ» ይዘው ተቀመጡ። መልሱ ለመድረስ የወሰደበትን ጊዜ ለኩ፤ ከሳተላይቱ ያለው ርቀት ተገኘ። የሞገዱን መሳሳትና መወፈር ለኩ፤ አምቡላንስ እየቀረበና እየራቀ ሲሄድ ድምፁ እንደሚለወጠው ማለት ነው። ከዚህ ተነሥተው አውሮፕላኑ ወደ ደቡብ፣ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ እንደሄደ ደመደሙ። መሣሪያው ለዚህ ሥራ አልተሠራም ነበር። ዋናው የአውሮፕላኑ አካል ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም።

[ምስል፦ የመርከበኞች መኝታ ክፍል። ወጣት በስልክ ቪዲዮ ያወራል።]

በ2015 ኢንማርሳት ፈጣን የኢንተርኔት አገልግሎቱን በዓለም ዙሪያ ዘረጋ። ያኔ ነጯ ኳስ የካፒቴኑ ብቻ መሆኗ ቀረ። ባሕር ዳር ተምረው በውጭ መርከቦች የሚሠሩ ወጣቶቻችን አሉ። ለወራት ውሃ ላይ ናቸው። እንዲህ ላለ ልጅ ኔት አለ ወይስ የለም የሚለው የደሞዝ ያህል ጥያቄ ነው። ሕጉም ዘግይቶ ደረሰ፤ ከታኅሣሥ 2024 ጀምሮ የመርከብ ባለቤት በተቻለው መጠን ለመርከበኞች ኢንተርኔት እንዲያቀርብ የዓለም አቀፉ የባሕር ሠራተኞች ስምምነት ያዛል።

ያ ልጅ ቪዲዮ ሲደውል ግማሽ ሰከንዱ ያበሳጨዋል። ዝቅ ብለው በሚበሩ ሳተላይቶች ኢንተርኔት የሚሸጠው ስታርሊንክ የገባው በዚህ በር ነው። በ2022 ወደ ባሕር መጣ። ሳተላይቶቹ ያሉት 550 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ መልሱ ወዲያው ነው። ኢንማርሳትን ደግሞ ቪያሳት የተባለው የካሊፎርኒያ ኩባንያ በ2021 ሊገዛው ተስማማ፤ ዋጋው 7.3 ቢሊዮን ዶላር ተባለ፤ ግዢው በግንቦት 2023 ተጠናቀቀ። በ2024 ኢንማርሳት ራሱ ዝቅ ብለው የሚበሩ ሳተላይቶችን ከነባሮቹ ጋር አጣምሮ መሸጥ ጀመረ።

[ምስል፦ የመርከብ መሪ ክፍል። ክዳን ያለው ቀይ ቁልፍ።]

ይህን የአደጋ ጥሪ ቁልፍ እዩት። ሳይታሰብ እንዳይነካ ክዳን አለው። ከፍቶ ጥቂት ሰከንድ የተጫነው ሰው ጥሪው ከ36,000 ኪሎ ሜትር ላይ ነጥሮ ወደ ነፍስ አድን ማዕከል ይሄዳል። ቪዲዮው፣ ኢሜይሉ፣ የጭነቱ ወረቀት ሁሉ ይከፈልበታል። ይህ አይከፈልበትም።