የአባቴ የእድር መዝገብ
(ጅማ ለኢኮኖሚክስ ተመራቂ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ እንደምን ዋላችሁ?

የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ልትመርጡ ነው አሉ። ግማሻችሁ «የዋጋ ግሽበት በኢኮኖሚ እድገት ላይ ያለው ተጽዕኖ» ይዛችሁ እንደምትመጡ ከወዲሁ አውቃለሁ። እኔም ይዤ መጥቼ ነበር። ተጠርዞ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ፤ እኔ ራሴ እንኳ ደግሜ አልገለጥኩትም።

ዛሬ የማወራችሁ ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ስላስተማረው አሜሪካዊው ኢኮኖሚስት ስቲቨን ሌቪት ነው። ሒሳብ ለምትፈሩ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ለዶክትሬት ኤምአይቲ የተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰሞን አጠገቡ የተቀመጠውን ልጅ «ቀጥ ያለው ዲ እና የተጠማዘዘው ዲ ልዩነታቸው ምንድነው?» ብሎ ጠየቀው፤ ሁለቱም የካልኩለስ መሠረታዊ ምልክቶች ናቸው። ልጁም «አለቀልህ» ዓይነት መልስ ሰጠው። ይኸው ሰው በፈረንጆቹ 2003 ከ40 ዓመት በታች ላሉ ኢኮኖሚስቶች የሚሰጠውን የጆን ቤትስ ክላርክ ሜዳሊያ ወሰደ።

አንዱ ሥራው የሱሞ ትግል ነው። አዎ፣ የነዚያ የጃፓን ግዙፎች። በአንድ ውድድር እያንዳንዱ የላይኛው ምድብ ታጋይ 15 ጊዜ ይገጥማል። 8 ካሸነፈ ደረጃው ይተርፋል፤ 7 ከሆነ ይወርዳል። እንግዲህ በመጨረሻው ቀን 7 አሸንፎ 7 የተሸነፈ፣ 8 አሸንፎ 6 ከተሸነፈ ጋር ተገናኘ እንበል። አንዱ ሞት ሽረት ላይ ነው፤ ሌላው ጉዳዩን ጨርሷል። ሌቪትና ማርክ ዱጋን በፈረንጆቹ ከ1989 እስከ 2000 የተደረጉ ግጥሚያዎችን አገላበጡ። በችሎታ ቢሆን ባለ 7ቱ ከግማሽ ትንሽ ያነሰውን ነበር የሚያሸንፈው። ያሸነፈው ግን ወደ 80 ከመቶ ነው። ሁለቱ በሌላ ጊዜ ሲገናኙ ደግሞ ያኛው ያመዝናል። ብድር በምድር! ያወራው የውጤት ሰሌዳው ነው። በፈረንጆቹ 2011 የታጋዮች የስልክ መልእክት ተገኝቶ ጉዱ ወጣ፤ የዚያ ዓመት የኦሳካ ውድድርም ተሰረዘ።

ሌላው ሥራው ለእኛ ይቀርባል፤ ኩረጃ ነው። የተማሪ ሳይሆን የአስተማሪ። ከብራያን ጃኮብ ጋር የቺካጎን የፈተና መልሶች መረመሩ። አንድ ክፍል ውስጥ የብዙ ልጆች ተከታታይ መልስ አንድ ዓይነት ከሆነ፣ ውጤታቸውም ዘንድሮ ተተኩሶ በዓመቱ ከወደቀ፣ ላጲስ የያዘ አንድ ትልቅ ሰው አለ ማለት ነው። በየዓመቱ ቢያንስ ከ4 እስከ 5 ከመቶ የሚሆኑ ክፍሎች እንዲህ ናቸው ብለው ገመቱ። የእኛን የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና አስታውሱ። ኩረጃን ለማስቀረት ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲመጣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 ከመቶ ብቻ ነበር። ከዚያ በፊት ከነበረው ጋር ያለው ልዩነት ሁሉ በኩረጃ አይሳበብም። ግን ስንቱ?

ሌቪት ተሳስቷልም። ውርጃ በሕግ መፈቀዱ ከዓመታት በኋላ ወንጀልን ቀንሷል ብሎ ያወጣው ጥናት ላይ ሌሎች የስሌት ስህተት አገኙበት። ስህተቱን አመነ፣ ድምዳሜውን ግን አልተወም። ክርክሩ ዛሬም አልበረደም።

ወደ ሰፈሬ ልመለስ። አባቴ የእድራችን ጸሐፊ ነበሩ። መዝገባቸው እኔ ጋ ነው። ሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ጠርዙ ላይ የስኒ ክብ። ከስም ትይዩ «ቀሪ፤ ቅጣት ከፍሏል» ይላል። ቅጣቱ ሲጨመር ጭራሽ ቀብር መቅረት ያበዙ ሰዎች አሉ፤ በተለይ ነጋዴዎቹ። «ከፍለናል አይደል?» ነው ነገሩ። ይህን ልሥራው ስል አማካሪዬ «ሶሺዮሎጂ ተመዝገብ» አሉኝ። ፈራሁና ወደ ግሽበቴ ሄድኩ።

እርግጥ ቅጣቱ ላይሆን ይችላል። ጥቅምትና ኅዳር የቡና ለቀማ ሲደርስ ማን ሰፈር ይገኛል? ግን ቀኑ ሁሉ ተጽፏል፤ ሁለቱን መለየት ይቻላል።

መዝገቡን ይዤው መጥቻለሁ። ስሞቹን በፕላስተር ሸፍኛቸዋለሁ፤ ጅማ ውስጥ ሁሉም ይተዋወቃል። ቡናው እስኪፈላ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠዋለሁ። በቅባት እጅ እንዳትገልጡት። አባቴ እድፍ አይወዱም ነበር፤ ያቺ የስኒ ክብ ራሷ የእኔ ናት።