ካውብ፤ በወንዝ መካከል ኬላ ያቆመች ከተማ

ክቡራንና ክቡራት፣ በፍራንክፈርትና በአካባቢዋ የምትኖሩ ወገኖቼ፤

በመጪው ቅዳሜ አብረን የምንጎበኛት ካውብ የነዋሪዎቿ ቁጥር አንድ ሺህ የማይሞላ፣ ከፊት ራይን ከኋላ ገደል የያዟት ትንሽ ከተማ ናት። ጉዞውን ያሰናዱት ወጣቶች ስለ ታሪኳና ስለ አቀማመጧ ጥቂት እንድናገር ሲጠይቁኝ፣ ስለ ግንቦቿ ውበት ብቻ ባወራ ይቀለኝ ነበር። ውበቱን ግን እናንተው በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። ስለዚህ ለእኔ የቀረኝ ይህች ከተማ ሰባት መቶ ዓመት የኖረችው፣ የከበረችውም የተቸገረችውም፣ በሸለቆዋ ጥበት ምክንያት መሆኑን ማስረዳት ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ራይን ከማይንዝ በላይ በሰፊ ሜዳ ላይ ተንሰራፍቶ የሚፈስ ወንዝ ነው። ቢንገን ሲደርስ ግን በስተቀኝ የታውኑስ፣ በስተግራ የሁንስሩክ ተራሮች ይገጥሙታል፤ ከዚያ እስከ ኮብለንዝ 65 ኪሎ ሜትር ያህል በገደላማ ሸለቆ ውስጥ ተጨንቆ ይሄዳል። በ2002 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ይኸው ክፍል ነው። የሸለቆው ድንጋይ ከ400 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በባሕር ወለል ላይ ከረጋ ደለል ተጨምቆ የተሠራ ነው። ወንዙ እንዲህ ያለውን ጠጣር ተራራ እንዴት ሰንጥቆ ሊያልፍ ቻለ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ይኖራል፤ መልሱ ወንዙ ከተራራው ቀድሞ በስፍራው መገኘቱ ነው። ምድሩ በብዙ መቶ ሺህ ዓመታት ቀስ እያለ ወደ ላይ ሲነሣ፣ ወንዙ መንገዱን ሳይለቅ እየቦረቦረ ወረደ።

ካውብ በቀኙ ዳርቻ፣ በወንዙና በገደሉ መካከል በተረፈች ቀጭን መሬት ላይ ተቀምጣለች። የሚታረስ ሜዳ ስለሌላት ሕዝቧ ገደሉን ራሱን እህሉ አደረገው። ሺፈር የሚባለውን፣ በስስ ገጽ እየተሰነጠቀ የሚነሣውን ጥቁር ግራጫ ድንጋይ ከተራራው ሆድ እየቆፈረ ለጣሪያ ክዳን ሸጠ፤ ይህ የማዕድን ሥራ የተዘጋው በ1972 ነው። ድንጋዩ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት መልሶ ስለሚሰጥ፣ በዚያው ተዳፋት ላይ ሪስሊንግ የተባለው የወይን ዘር በደንብ ይበቅላል። ተዳፋቱ ግን ቀጥ ያለ በመሆኑ ሥራው በአብዛኛው የእጅ ነው፤ ስለዚህም ዛሬ ብዙው እርከን ጦም አድሮ ቁጥቋጦ ወርሶታል።

የከተማዋ ዋና ገቢ ግን ድንጋዩም ወይኑም አልነበረም። መንገድ በሌለበት ዘመን ከደቡብ ወደ ሰሜን የሚሄደው ሸቀጥ ሁሉ በራይን ላይ ያልፍ ነበር፤ ወንዙ በካውብ ፊት ለፊት በድንጋይና በደሴት ስለተከፋፈለ ደግሞ ጀልባ ሁሉ በጥንቃቄና በዝግታ ማለፍ ነበረበት። ኬላ ለማቆም ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም። በራይን አካባቢ የነበረው የፋልትስ ግዛት መሳፍንት ካውብን ከነቀረጥ መብቷ በ1277 ገዙ፤ ንጉሥ ሉድቪግ፣ ባቫሪያዊው የሚባለው፣ በ1324 የከተማነት መብት ሰጣት፤ በ1326 እና በ1327 ደግሞ በወንዙ መካከል ባለች የድንጋይ ደሴት ላይ ባለ አምስት ማዕዘን ግንብ አቆመ። ቅዳሜ የምናየው ነጩ ፋልትስግራፈንሽታይን ይህ ነው። ከንጉሡ ጋር የተጣሉት ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ 22ኛ ግንቡን አጥብቀው ተቃውመውት ነበር፤ ንጉሡ ግን አልሰማቸውም። ጥቂት ቆይቶ ዙሪያው በቅጥር ታጠረ፤ የቅጥሩ ጫፍ ወደ ወንዙ መምጫ ሹል ሆኖ የተሠራው በክረምት የሚወርደውን የበረዶ ግግር እንዲሰነጥቅ ነው። ከሩቅ ሲታይ ሽቅብ የሚቀዝፍ መርከብ ይመስላል። ቀረጥ ሳይከፍል ሊያልፍ የሚሞክር በሰንሰለት ይታገድ ነበር፤ ከበላዩም ጉተንፌልስ የተባለው ሁለተኛው ግንብ ከገደሉ አናት ሆኖ ይመለከተው ነበር።

አስጎብኚዎች የፋልትሱ መስፍን ልጅ አግነስ በዚያ ደሴት ላይ ታስራ ሳለ ከወዳጇ ከሃይንሪሽ ጋር በስውር ተጋባች እያሉ ሲተርኩ ትሰሙ ይሆናል። አግነስና ሃይንሪሽ በእርግጥ የነበሩ ሰዎች ናቸው፤ በእርግጥም ተጋብተዋል። ነገር ግን የተጋቡት በ1194 ነው፤ ግንቡ ደግሞ የተሠራው ከዚያ 130 ዓመት ያህል ዘግይቶ ነው። ተረቱ ጥሩ ነው፤ እኔም አልጠላውም፤ እንደ ታሪክ ግን አትያዙት።

ኬላው ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ሠራ። ካውብን ያካተተው የናሳው ግዛት በ1866 ወደ ፕራሻ ከተጠቃለለ በኋላ ቀረጡ አበቃ፤ በ1868 የማንሃይም ስምምነት ሲፈረም የራይን መርከበኞች በወንዙ ላይ በነፃ የመመላለስ መብታቸው ጸና። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በ1862፣ የባቡር ሐዲድ በቀኙ ዳርቻ ተዘርግቶ ነበር፤ ዛሬ የነዋሪው ትልቁ ምሬት ሌሊቱን ሙሉ በዚያ ሐዲድ ላይ የሚያጓራው የጭነት ባቡር ድምፅ ነው። ድልድይ ግን እስከ ዛሬ የለም። ከማይንዝ እስከ ኮብለንዝ ድረስ ራይንን የሚሻገር ሰው የሚሻገረው በጀልባ ነው።

ስለ መሻገር ካነሣን የ1814 አዲስ ዓመት ሊዘለል አይገባም። ናፖሊዮን በ1813 ጥቅምት ላይፕዚግ ላይ ተሸንፎ ወደ ፈረንሳይ ሲሸሽ፣ የፕራሻው ፊልድ ማርሻል ብሉሸር ሊከተለው ወሰነ፤ የመረጠው መሻገሪያም ካውብ ነበር። ጦሩ በአዲስ ዓመት ዋዜማ ሌሊት በጀልባ መሻገር ጀመረ። የሩሲያ መሐንዲሶች በሸራ በተለበጡ ታንኳዎች ላይ ደሴቲቱን እንደ መረማመጃ ተጠቅመው ተንሳፋፊ ድልድይ ሠሩ፤ በጥቂት ቀናት ውስጥም 50,000 ያህል ወታደር ከፈረሱና ከመድፉ ጋር ወደ ግራው ዳርቻ ተሻገረ። ቀረጥ ለማስከፈል የተመረጠችው ደሴት ለጦር መሻገሪያ የሆነችው በዚያው በአቀማመጧ ምክንያት ነው። ብሉሸር ያረፈበት ቤት ዛሬ ሙዚየም ሆኗል፤ ሐውልቱም ከወንዙ ዳር ቆሟል።

ከመቶ ዓመት በኋላ የሆነው ነገር ግን ቧልት ይመስላል። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ በኋላ አሸናፊዎቹ በራይን ቀኝ ዳርቻ የሚይዙትን መሬት በካርታ ላይ በክብ አሠመሩ፤ አሜሪካኖች ከኮብለንዝ፣ ፈረንሳዮች ከማይንዝ ተነሥተው ከመካከሉ እስከ ጠርዙ 30 ኪሎ ሜትር የሆነ ግማሽ ክብ ሠሩ። ሁለቱ ክቦች ግን አልተነካኩም። በመካከላቸው ማንም ያልያዘው፣ የጠርሙስ አንገት የሚመስል ቀጭን መሬት ተረፈ፤ ካውብና ጎረቤቷ ሎርሽ እዚያ ውስጥ ቀሩ። ባቡር አይቆምላቸውም፤ ከቀረው የጀርመን ግዛት ጋር የሚያገናኝ ደህና መንገድም አልነበራቸውም። ሕዝቡ ራሱን የጠርሙስ አንገት ነፃ መንግሥት ብሎ ጠራ፤ የሎርሹ ከንቲባ ኤድሙንድ ፕኒሼክም አስተዳደሩን ያዘ፤ የራሳቸውን የችግር ጊዜ የወረቀት ገንዘብ አሳተሙ፤ የጎደለውን ሁሉ በኮንትሮባንድ አስገቡ። በሕግ ዓይን ይህ መንግሥት አልነበረም፤ ምድሩ ጀርመን ሆኖ ነው የቆየው። ቢሆንም ከጥር 1919 እስከ የካቲት 1923፣ ፈረንሳዮች መጥተው እስኪይዙት ድረስ፣ አራት ዓመት ኖረ። ለዘመናት የአላፊውን ኮንትሮባንድ ስትቆጣጠር የኖረች የኬላ ከተማ ራሷ በኮንትሮባንድ ስትኖር ማየቱ፣ ለእኔ ከግንቡ ይልቅ የሚገርመኝ ይህ ነው።

አሁን ወደ ዛሬው ልምጣ። በጀርመን ሬዲዮ በድርቅ ወቅት የካውብን ስም የሰማችሁ ትኖራላችሁ። ፔግል ካውብ የሚሉት እዚያ ያለውን የውኃ ከፍታ መለኪያ ነው። ጥቂት ኪሎ ሜትር ቁልቁል ከተጓዝን ሎሬላይ የተባለው ቋጥኝ አለ፤ እዚያ ወንዙ በጣም ጠባብና በጣም ጥልቅ ነው። ካውብ ላይ ግን የወንዙ ወለል ጠጣር አለት ሲሆን ውኃውም በደሴት ተከፍሎ ስለሚሰፋ ጥልቀቱ ያንሳል። ስለዚህ ከሮተርዳም ተነሥቶ ወደ ሉድቪግስሃፈን ወይም ወደ ባዝል የሚወጣ መርከብ የሚጭነው ሌላው መንገድ በሚፈቅድለት ሳይሆን ካውብ በሚፈቅድለት መጠን ነው። ድሮ ይህን ክፍል የሚያሳልፉት የአለቱን ቦታ በቃላቸው የሚያውቁ፣ ሎትሰ የሚባሉ የከተማዋ የመርከብ መሪዎች ነበሩ፤ አሁን ሥራቸው ቀርቷል፤ አለቱ ግን አለ።

የመለኪያው ቁጥር ብዙ ሰው ያሳስታል። በጥቅምት 2018 መለኪያው 25 ሴንቲ ሜትር ደረሰ ሲባል፣ ወንዙ ሕፃን በእግሩ የሚሻገረው ሆነ ማለት አይደለም። የመለኪያው ዜሮ ከወለሉ በላይ ነው፤ ቁጥሩ 78 ሲሆን የመርከቡ መንገድ ጥልቀት 1.90 ሜትር ነው። በዚህ ስሌት 25 ሲል 1.37 ሜትር ያህል ይቀራል። ለሰው ይህ ጥልቅ ነው፤ ለተጫነ የጭነት መርከብ ግን አይበቃም። ያን ጊዜ መርከቦች ከአቅማቸው በጣም አንሰው ጫኑ፤ ነዳጅ ተወደደ፤ ሽቅብ ያሉት ፋብሪካዎች ምርታቸውን ለመቀነስ ተገደዱ። ከዚያም በኋላ ሉድቪግስሃፈን ያለው የኬሚካል ኩባንያ ባስፍ መለኪያው 30 ቢልም እንኳ 800 ቶን ጭኖ ሊያልፍ የሚችል መርከብ አሠራ፤ የፌዴራሉ መንግሥትም የመርከቡን መንገድ ወደ 2.10 ሜትር ለማጥለቅ አቅዷል። ቀረጥ ሰብሳቢው ከሄደ ወደ 160 ዓመት ሆኖታል፤ ጀልባው ግን አሁንም ካውብ ሲደርስ ፍጥነቱን ይቀንሳል።

አንድ የጉዞ ጉዳይ ተናግሬ ልጨርስ። ወደ ደሴቱ ግንብ የምታደርሰው ትንሿ ጀልባ የወንዙ ውኃ ሲበዛ አትሠራም። ስለዚህ ቅዳሜ ማለዳ ከፍራንክፈርት ባቡር ከመሳፈራችን በፊት፣ እኛም እንደ መርከበኞቹ መጀመሪያ የካውብን ቁጥር እናያለን።

አመሰግናለሁ።